ካፕሱሉና የሌለችው የእብናት ሴት

በዕድሜዬ ብዙ ሞኝ አይቻለሁ፤ የዚያን ቀን ጧት እንደ እኔ ያለውን ግን አላየሁም።

የሐምሌ ዝናብ ሲወርድ አድሮ ደብረ ታቦር ጭቃ በጭቃ ሆናለች። ከአንድ ትንሽ ክሊኒክ ገብቼ፣ ባርኔጣዬን በሁለት እጄ ጨብጬ፣ ልጄን ከምታህል ነርስ ፊት ቆሜያለሁ።

«ምን ልርዳዎት አባቴ?» አለችኝ።

መንገዱን ሙሉ ሳጠናው የመጣሁት ቃል ነበረኝ። «ሚስቴን አሟታል፤ ሕመሙ ከወገቧ በታች ነው» ልል ነው። አፌን ስከፍት ግን አፈርሁና ባርኔጣዬን አገላበጥሁ። በእኛ አገር ወንድ ልጅ የሚስቱን ገመና ለማንም አያወራም። ስለዚህ ጀግና ሆንሁና፦

«የሚያሳክከኝ እኔን ነው» አልኋት።

«የት ላይ?»

ወደ ታች አየሁ። እሷም ወደ ታች አየች።

«ስንት ጊዜ ሆነዎት?»

«ሦስት ሳምንት።»

«ፈሳሽ አለው?»

«ነጭ ነው፤ እንደ አይብ ያለ» አልሁ። ሚስቴ ለእህቷ ስትነግራት በግድግዳ የሰማሁትን ነው የምደግመው።

ነርሷ መጻፏን አቆመች። «እንደ አይብ? ከእርስዎ?»

«አዎ። በእንዶድ ብታጠብ ደግሞ ባሰብኝ፤ እሳት ሆነብኝ።»

«በእንዶድ!» አለችና ብዕሯን አስቀመጠች። «እንግዲያው ከመጋረጃው ጀርባ ይግቡ፤ ሱሪዎን ፈተው ይጠብቁኝ።»

እጄ ቀበቶዬ ላይ ደርሶ ቆመ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ከሚስቴ በቀር ያየችኝ ሴት የለችም።

«ልጄ፣ አንዴ ቆዪ። የሚያሳክካት ሚስቴን ነው።»

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ትሳቅ፤ ደግ አደረገች። ስትመለስ ግን ፊቷ የሐኪም ፊት ነበር። «አባቴ፣ በሽታ በውክልና አይታከምም። ባለቤትዎን ይዘዋት ይምጡ።»

«ዛሬ ካላመጣኋት ነገ የለችም» አልኋት።

ነገሩ እውነት ነበር። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ያን ጊዜ ሃምሳን ገና የተሻገርሁ፣ ከእብናት ፍየል እያመጣሁ ደብረ ታቦር የምሸጥ ነጋዴ ነበርሁ። ሚስቴ አንጓች ትባላለች። በቁርባን ነው የተጋባን። በቁርባን የተጋባ ሰው የሚለየው ወይ በሞት ነው ወይ በዝሙት፤ ሌላ መውጫ በር የለውም። እኛ ደግሞ መውጫ ፈልገን አናውቅም። ልጅ አሳድገን፣ ድረን፣ ቤታችን ለሁለታችን ብቻ ሰፍቶ ቀርቶ ነበር።

አንድ ክፉ አመል አለኝ፤ ዋዛ። ሰው ካላሳቅሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ከእብናት ደክሜ ስመለስ አንጓች እግሬን እያጠበች «ምን አየህ?» ትለኛለች። ፍየልና አቧራ ነው ያየሁት። ይህ ደግሞ ወሬ አይሆንም። ስለዚህ አንዲት ሴት ፈጠርሁ። እብናት ውስጥ ጠጅ ቤት አላት አልሁ። በሚቀጥለው ሳምንት አንገቷን አስነቀስኋት። በሦስተኛው የብር ድሪ አሰርሁላት። አንጓችም ትስቅ ነበር። «ታዲያ ምነው አስቀርታ ባሳረፈችኝ!» ትለኝ ነበር። ይህ ለዓመታት የቤታችን ጨዋታ ሆኖ ኖረ። ሴትዮዋ ከእኔ አፍና ከአንጓች ጆሮ በቀር በዓለም ላይ አልነበረችም።

በሰኔ የአንጓች መንጋጋ አበጠ፤ ጥርሷ መግል ቋጥሮ ነው። ከጤና ጣቢያ ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ጥቁር የሆነ ካፕሱል ለሰባት ቀን ሰጧት። በሰባተኛው ቀን እብጠቱ ጠፋ። እዚህ ላይ ነው የእኔ ብልሃት የሚገባው። ሰባት ቀን ካዳናት፣ ሃያ ቀን ደግሞ ዳግመኛ እንዳይነካት ያጥርላታል አልሁ። እርሻም ሲደጋገም ነው የሚለሰልስ። ሐሙሲት ለገበያ በሄድሁ ጊዜ ጫማ ማሰሪያና ባትሪ ድንጋይ ከሚሸጥ ሰው ያንኑ ካፕሱል ገዛሁ። «ዋጪው፤ ከሥሩ ይንቀለው» አልኋት። «ድኛለሁ እኮ» አለችኝ። «የዳነ ነው ደህና አድርጎ የሚድን» ብዬ ሌላ ሰባት ቀን፣ ከዚያም ሌላ ሰባት ቀን አስዋጥኋት። ሐኪም ያላዘዘውን ያዘዝሁ ትልቅ ሐኪም!

ከዚያ በኋላ ቤታችን ዝም አለ። አንጓች መደቡ ላይ ለብቻዋ መተኛት ጀመረች። በቀን ሦስቴ ውኃ ይዛ ወደ ጓሮ ትሄዳለች። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ቅጥሩ ውስጥ አትገባም፤ ከውጭ ከግንቡ ሥር ቆማ ታስቀድሳለች። «ምነው?» ስላት ፊቷን በነጠላዋ ትሸፍናለች። ጭራሽ «አንቱ» ትለኝ ጀመር። ዕድሜዋን ሙሉ አንተ ስትለኝ የኖረች ሴት «እራትዎ ቀርቧል» ስትለኝ ከገበታው እነሣለሁ።

ያን ዓመት ደግሞ ያ ክፉ በሽታ በየመንደሩ ሰው የሚያጭድበት ጊዜ ነበር። ስሙን የሚጠራው ሰው አልነበረም፤ «ያ ነገር» ነበር የሚባለው። በየሳምንቱ ልቅሶ ነው። ነጋዴና ሹፌር ደግሞ በሁሉም ዘንድ ተጠርጣሪ ነበር። አንድ ቀን እህቷ መጥታ ጓዳ ገብተው ሲንሾካሾኩ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍሁ። ማሳከኩን፣ እንደ አይብ ያለውን ፈሳሽ፣ እንዶዱን ሰማሁ። መጨረሻ ላይ አንጓች «የእብናቷ ናት የላከችልኝ» አለች።

ለካ የዓመታት ዋዛዬ አንድ በአንድ ተሰብስቦ ማስረጃ ሆኖብኛል።

በማግሥቱ ፊት ለፊት ነገረችኝ። «ነገ የንስሐ አባታችን ይመጣሉ። በፊታቸው እንለያያለን። እኔ ይፋግ ወንድሜ ዘንድ እሄዳለሁ።» እኔ እሞኝ ዘንድ ወደ ክሊኒክ የሮጥሁት ያን «ነገ» የነጋ ጧት ነው።

ከክሊኒኩ ስመለስ አባ ደርሰዋል። ከበርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ጃንጥላቸው ከደጃፍ ውኃ ያንጠባጥባል። የአንጓች ልብስ በጋቢ ተቋጥሮ በሩ ሥር ተቀምጧል።

«መጡ የእብናቷ ሙሽራ» አለች፣ እኔን ሳታይ።

«ተቀመጥ ሙጬ» አሉኝ አባ። «በእግዚአብሔር ፊት ነህ። ይህች የእብናት ሴት ማን ናት?»

«የለችም አባ።»

«ሞተች ወይስ አገር ለቀቀች?»

«አልተፈጠረችም።»

አንጓች ተነሣች። «አልተፈጠረችም! አንገቷ ላይ ንቅሳት፣ የብር ድሪ! ጠጅ ስትቀዳ ክንዷ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ ይታያል ያሉኝ ማን ናቸው?»

«ጠባሳውን የጨመርሁት እውነት እንዲመስል ብዬ ነው።»

አባ በረዥሙ ተነፈሱ። «ሙጬ፣ ሰው ሲዋሽ ሴትን ያሳምራል እንጂ ጠባሳ አይጨምርባትም።»

«አባ፣ እኔ ጥሩ ዋሾ ስለሆንሁ ነው እኮ!»

«ስሟስ?»

«ስም አላወጣሁላትም።»

«ይዩት አባ!» አለች አንጓች። «ስሟን ደብቀውላታል!»

እናንተዬ፣ የሠራኸውን ኃጢአት ማስተባበል ቀላል ነው። የሌለችን ሴት አለመኖር ግን በምን ምስክር ታስረዳለህ? እብናት ወርጄ «እዚህ የሌለች ሴት አለች?» ብዬ ልጠይቅ?

አባ እግር ላይ ወደቅሁ። «አባ፣ አንድ ነገር ብቻ። ሐኪም ዘንድ ሄዳ ትታይ። በሽታው ከሌላ ሴት ያመጣሁት ከሆነ እኔ ራሴ ቋጠሮዋን ተሸክሜ ይፋግ ድረስ እሸኛታለሁ።»

«ገላዬን ለማንም አላሳይም!» አለች አንጓች።

«ነርሷ ሴት ናት» አልኋት።

«አይተዋት መጡ?»

«እሷ ናት እኔን ልታየኝ የነበረች» አልሁና የጧቱን ነገር፣ ሱሪ ፍታ እስከተባልሁበት ድረስ፣ ተናገርሁ። አባ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ሲስሉ ነው ብዬ ነበር። አንጓች ግን አልሳቀችም። ብቻ ለመጀመሪያ ጊዜ ዐይኔን አየችኝ። «የእኔን ገመና ለመደበቅ ብለህ ነው?» አለች። አንተ ብላኛለች!

«ልጄ» አሏት አባ፣ «እስከ ሠርክ ታገሺው። ፍልሰታ እየገባ ነው። ቁርባን በጥርጣሬ አይበጠስም፤ በእውነት እንወቀው። እኔም አብሬ እሄዳለሁ።»

እንግዲህ ሰልፋችንን አስቡት። አንጓች ጃንጥላ ይዛ ከፊት፣ አባ ጃንጥላ ይዘው መካከል፣ እኔ ያለ ጃንጥላ ከኋላ። ዝናቡም የማን ወገን እንደሆነ ያሳወቀ ይመስል በእኔ ላይ ወረደ።

ነርሷ ስታየኝ ከንፈሯን ነከሰች። አንጓችን በክብር ተቀብላ «ይግቡ እናቴ፣ ብቻችንን ነን» ብላ አስገባቻትና በሩ ተዘጋ። እኔና አባ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ከአግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ጥቂት ቆይቶ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ከበሩ ላይ ቆሞ ናሙና ያለባት አንዲት ትንሽ መስታወት ከነርሷ እጅ ተቀበለና ወደ ላብራቶሪው ገባ። በዚያች መስታወት ላይ የትዳሬ ፍርድ አለ። ዐይኔ በሩን አልለቅ አለ።

«ፈራህ ሙጬ?» አሉኝ አባ።

«ፈራሁ አባ።»

«ካላደረግህ ምን ያስፈራሃል?»

«ካላደረግሁስ አላደረግሁም። ግን ይህን ያህል ዓመት ሳወራላት፣ አሁን እኔም መጠራጠር ጀመርሁ። ሴትዮዋ ምናልባት ብትኖርስ?»

«ዝም በል፤ ዳዊት ድገም» አሉኝ። ጀመርሁ። ከመጀመሪያው መዝሙር አራተኛው መስመር ላይ ጠፋብኝና እንደገና ከላይ ጀመርሁ። ያን ቀን ያችን አራት መስመር ስንት ጊዜ እንደደገምኋት እግዚአብሔር ይወቀው። ባለ ጋዋኑ ወረቀት ይዞ ተመለሰ። ፊቱን አየሁ፤ ፊቱ ምንም አይናገርም። ከውስጥ የአንጓች ድምፅ ተሰማኝ፤ ልቅሶ ይሁን ሳቅ መለየት አቃተኝ።

በሩ ተከፈተ። ነርሷ «ባለቤትዎ ሁለታችሁም እንድትገቡ ፈቅዳለች። አባም ይስሙት ብላለች» አለችን።

አንጓች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ነጠላዋን በፊቷ ላይ ስባዋለች።

«በሽታው ፈንገስ ይባላል» አለች ነርሷ። «ብዙ ሴቶችን ያማል። ከሌላ ሴት የመጣ አይደለም፤ ባሏ ያመጡት የአባላዘር በሽታ አይደለም። ያንንም መርምረናል፣ ምልክቱ የለባትም። ስኳሯንም አየን፣ ደህና ነው።»

ወንበሩ ላይ የተቀመጥሁ መስሎኝ መሬት ላይ ተቀመጥሁ።

«ታዲያ ከየት መጣ?» አሉ አባ።

«ከካፕሱሉ።»

ነርሷ የገጠር ልጅ መሆኗን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። «አባ፣ ጅብ ለመግደል መርዝ ስናስቀምጥ የቤቱ ውሻም ይበላውና ይሞት የለም? ውሻው ከሞተ በኋላ ዶሮውን የሚጨርሰው ማን ነው?»

«ሸለምጥማጥ ነዋ» አሉ አባ።

«ሸለምጥማጡ ያን ቀን የመጣ ነው?»

«ዱሮም በጓሮው አለ። ውሻው ነው የሚያግደው።»

«ይኸውላችሁ። በሴት ልጅ ገላ ውስጥ እንደዚያ ውሻ የሚጠብቁ ደግ ጀርሞች አሉ። ፈንገሱም ጥቂቱ ዱሮም አለ፤ እነሱ ስላሉ አይባዛም። ካፕሱሉ ጥርሷን ያመረቀዘውን ጀርም ሲገድል ጠባቂዎቹንም ገደለ። ፈንገሱ ሜዳውን ባዶ አገኘው። ሲያሳክካት ደግሞ በእንዶድ ታጠበችና የቆሰለውን አቃጠለችው።» ከዚያ ወረቀቷን አየች። «ጤና ጣቢያው የሰጣት የሰባት ቀን ብቻ ነው። የዋጠችው የሃያ አንድ ቀን ነው። ማን ነው የደጋገመላት?»

ሦስት ጥንድ ዐይን እኔ ላይ አረፈ። ክፍሉ ውስጥ የሚያስጥል ጎሬ ፈለግሁ፤ አልነበረም። «ከሐሙሲት የገዛሁላት እኔ ነኝ» አልሁ።

«እና ያመጣብኝ እሱ ነው?» አለች አንጓች።

«አዎ፣ እሳቸው ናቸው» አለች ነርሷ። «ከእብናት ግን አይደለም፤ ከሐሙሲት ገበያ ነው።»

መጀመሪያ የሳቀችው አንጓች ናት። ነጠላዋን ከፊቷ ላይ ገለጠች፤ ዕንባዋም ሳቋም አንድ ላይ ወረደ። ነርሷ ተከተለች። አባ መስቀላቸውን ጨብጠው ወደ ግድግዳው ዞሩ። በደለኛ ነህ ተብሎ ያን ቀን እንደ እኔ ደስ ያለው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ነርሷ ስድስት ፍሬ መድኃኒት ሰጠቻት፤ እንዴት እንደምታደርገውም ለብቻዋ አስረዳቻት። አባ ግን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ፍልሰታ ነው የሚገባው፤ ይህ ነገር ጾም ያስፈታል?»

«የሚዋጥ አይደለም አባ። በታች ነው የሚገባው።»

አባ ጥቂት አሰቡ። «እንግዲያማ… በዚያ በኩል ሥርዓት አልተሠራም» አሉና ፈቀዱ። «ሲሻልሽ ትቆርቢያለሽ።»

ስንመለስ ዝናቡ አባርቶ የጉና ተራራ ከደመናው ወጥቶ ነበር። አንጓች ጃንጥላዋን ሰጥታኝ ነበር፤ ሳያስፈልገኝም ዘርግቼው ሄድሁ። መንገድ ላይ ቆም አለችና፦

«እንግዲህ ያቺ ሴት በእውነት የለችም?» አለችኝ።

«የለችም አንጓች። ከራሴ ፈጥሬያት ነው።»

«ወይ ኃጢአቴ! ሦስት ሳምንት ሙሉ ስረግማት! ጠጉሯ ሙልጭ ብሎ እንዲወልቅ ተስያለሁ እኮ!»

ባርኔጣዬን አውልቄ ራሴን ዳበስሁ። ያን ጊዜ ጠጉሬ ከግንባሬ ማፈግፈግ የጀመረበት ወራት ነበር። ዛሬ ምንም አልቀረልኝም። ስለቱ የሚያርፍባት ሴት አጥቶ ወደ ፈጣሪዋ ተመልሶ ይሆናል።

ከቤታችን ደጃፍ ስንደርስ አባ ቀኖናዬን ሰጡኝ። «አርባ አንድ ስግደት።»

«አባ! ላልሠራሁት ዝሙት?»

«ለሠራኸው ዋዛ። የሚያምንህን ሰው እንደ ከበሮ አይደልቁትም።»

አንጓች ቋጠሮዋን ራሷ ፈታችው። በስድስተኛው ቀን ማሳከኩ ለቀቃት፤ ፍልሰታ ሳይፈታ ቅጥሩን አልፋ ገብታ አብረን ቆረብን።

ይህን ከጻፍሁ ዘንድ ለእናንተም ጥቂት ልበል፤ ሽማግሌ ካልመከረ ይታመማል። ካፕሱል ወስዳችሁ ሳለ ወይም ከጨረሳችሁ በኋላ የሚያሳክካችሁ ሴቶች፣ ኃጢአት አይደለም፤ ቆሻሻነትም አይደለም፤ የባላችሁ ክህደት ነው ብላችሁም አትቸኩሉ። በእንዶድም በሎሚም አትታጠቡ። የሚመስሉት ሌሎች በሽታዎች ስላሉ በግምት መድኃኒት አትግዙ፤ ሄዳችሁ ታዩ፣ የዋጣችሁትንም ካፕሱል ሳትደብቁ ተናገሩ። እናንተ ባሎች ደግሞ፣ ሐኪም ሰባት ቀን ካለ ሰባት ቀን ነው፤ አትቀንሱት፣ እንደ እኔም ጎበዝ ሆናችሁ አትጨምሩበት። ሚስታችሁ ዝም ስትል ደግሞ ቋጠሮው በር ሥር እስኪደርስ አትጠብቁ። እኔ ሦስት ሳምንት ጆሮዬን ግድግዳ ላይ ከመለጠፍ፣ አንድ ቀን አጠገቧ ተቀምጬ «የት ላይ ነው ያመመሽ?» ብላት ይህ ሁሉ ባልመጣ።

ዋዛውን ተውህ ወይ ብትሉኝ፣ አልተውሁም። አሁን ግን የማወራላት ስለ ራሴ ብቻ ነው። ለዋዛ ከእኔ የተሻለ ሰውም አላገኘሁ።

ስግደቱን ያን ሰሞን ጀመርሁ። አንጓች አጠገቤ ቆማ ጮክ ብላ ትቆጥርልኝ ነበር። በሠላሳ አራተኛው ጉልበቴ ተያዘና ግንባሬን ከመሬት ማንሣት አቃተኝ። ልታነሣኝ ጎንበስ ስትል ያዝኋት፤ አብረን ወደቅን፤ እዚያው መሬት ላይ እንደ ልጅ ስንስቅ አባ በአጥሩ በኩል ሲያልፉ አዩን። «እስከ ሠላሳ አራት ስትቆጥር ሰምቻለሁ፤ በሳቅ የወደቃችሁት ግን አይቆጠርም» ብለው አለፉ።

አባ ዛሬ በጣም አርጅተዋል፤ በሰው ትከሻ ተደግፈው ነው የሚቀድሱት። ሲያገኙኝ አሁንም «ሙጬ፣ ስንት ቀረህ?» ይሉኛል።

«ሰባት፣ አባ።»

«አምናም ሰባት ነበር።»

እውነታቸውን ነው። ሰባቷን ስግደት እሳቸው ሳያርፉ እጨርሳለሁ ብያለሁ፤ ጉልበቴ ግን እስካሁን ቀኑን አልነገረኝም።